ዘጠኙ ዝምታዎች

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ጠፍቶ ኖሮ «ደህና ነኝ» ብሎ መጻፍ ዓይንን በጨው መታጠብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። በኩባንያው ወረቀት ለላክሁልዎ መልእክት በሦስት መስመር መልሰውልኛል፦ ማነሽ፣ ምን ፈለግሽ፣ ሙዚቃዬን ምን አደረጋችሁት። ስልክ እንደማያነሱም ስለነገሩኝ በፖስታ፣ በተራ በተራ እመልሳለሁ።

ጉንዳን ነኝ። ጽሕፈቴ ደቃቅ ስለሆነ ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። የ«መንገደኛው»ን ጌም ሦስተኛ ክፍል ስንሠራ በሩ አጠገብ፣ መሳቢያው የማይዘጋ ጠረጴዛ የተሰጣት ጀማሪ የድምፅ ሠራተኛ ነበረች፤ ከልጅዎ ጋር ምሳዋን የምትካፈል። እሷ ነኝ። አሁን የድምፅ ክፍሉ ኃላፊ ሆኛለሁ። ይሳቁ፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

የፈለግሁት ፊርማዎን ነው። ጌሙ ዘጠነኛ ክፍሉ ላይ ደርሷል፤ «ወደ ቤት» የሚለው ዜማዎ ደግሞ በጥር ወር በስልሳ ሰው ኦርኬስትራ ሊቀረጽ ነው። ኖታውን አያይዤ ልኬያለሁ። አንብበው «ይሁን» ካሉ ጨረስን።

ሦስተኛው ጥያቄ ረጅም ነው። እርስዎ በሄዱ በዓመቱ አዲሱ የጌም መሣሪያ መጣ። ባንድ ጊዜ የሚያወጣው፣ ሦስት የነበረው ድምፅ ስምንት ሆነ። ከሦስተኛው ክፍል «ቦታ የለም» ተብሎ የተቆረጠው «ወደ ቤት» በአራተኛው ክፍል ገባ፤ ሰውም ወደደው። በአምስተኛው እውነተኛ የሙዚቃ መሣሪያ መቅዳት ጀመርን። ዋሽንት ነፊው ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል፤ ያንን አጥፉት ስንባል አላጠፋነውም። ስድስተኛው ላይ ገንዘብ በዛና አርባ ሰው ያለበት መዘምራን አስገባን፤ ቋንቋው የሌለ ቋንቋ ነው፣ ቃላቱን የጻፈው የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ነው። በሰባተኛው ሙዚቃው ተጫዋቹን መከተል ጀመረ። ዋሻ ሲገባ ይጨልማል፣ ሰይፍ ሲመዝ ይፈጥናል፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። በስምንተኛው ሙዚቃ የሚባል ነገር ጠፋ ማለት ይቻላል። ነፋስ ይነፍሳል፣ ሩቅ ቦታ አንድ ሰው ፒያኖ ነካ ያደርግና ይተዋል። «ወደ ቤት»ም የሚሰማው መጨረሻው ላይ አንዴ ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ «የምናንጎራጉረው አጣን» ብለው አማረሩ። ለዚህ ነው ወደ እርስዎ ዜማ የተመለስነው።

አክባሪዎ ጉንዳን

*

ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለጉንዳን፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። እኔም እንደ ደንቡ ደህና ነኝ፤ የሚያስቸግሩኝ ጉልበቴ፣ ወገቤና ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። ጽሕፈትሽ እንዳለ ነው። አንቺን ለማንበብ ስል መነጽር ቀየርኩ።

ፒያኖ እቃኛለሁ። በዚህ ከተማ ሠላሳ አንድ ፒያኖ አለ፤ ሃያ ስድስቱ የእኔ ሕሙማን ናቸው፣ አምስቱ ሞተዋል ግን ባለቤቶቻቸው አልተነገራቸውም። ሥራው ጥሩ ነው። ገብቼ፣ የተጣመመውን አቃንቼ፣ ሰው ሳላናግር እወጣለሁ።

ከሦስተኛው ክፍል ወዲህ የናንተን ጌም አንድም ቀን አልሰማሁም። «ወደ ቤት»ን የሰው ስልክ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲጀምር ሰምቻለሁ፤ ከሦስተኛው ኖታ በፊት ተነስቼ እወጣለሁ። ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ አፌ ተከፍቶ ነው የወጣሁት። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፣ አልደግመውም። ስለዚህ የነገርሽኝን ሁሉ እንደ ወሬ ነው ያነበብኩት። መዘምራኑ አሳቁኝ። መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ሙዚቃ አላሳቀኝም፤ እሱ ሙዚቃ ሳይሆን የቧንቧ ውኃ ነው። እኛ በሦስት ድምፅ ምን ያህል እንደተጣላን ረሳሽው? አንዱ ለዜማ፣ አንዱ ለአጃቢ፣ አንዱ ለታችኛው ወፍራም ድምፅ። መንገደኛው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር «ጠቅ» እንዲል ደግሞ ያችኑ የዜማዋን ድምፅ ይነጥቀኝ ነበር። «ጠቅ» ባለበት ቦታ ኖታዬ ይዋጣል። ይህንን እየለመንኩ፣ እየተሳደብኩ ነው ዜማ የሠራሁት።

አሁን ወደ ኖታሽ ልምጣ። ደሜን ያፈላው እሱ ነው። ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ቦታ ላይ የዝምታ ምልክት አለ። አንዱ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ዜማው ሊወጣ እግሩን ባነሳበት። ሁለቱ ተከታትለው አራተኛው ላይ። ሰው ሲያወራ አፉን እንደ ማፈን ነው። እኔ በዚያ ዜማ ውስጥ አንድም ዝምታ አልጻፍኩም። ዲስኩን በእጅሽ ነው የሰጠሁሽ፣ በራሴ ጽሕፈት «ወደ ቤት፣ ሙሉ» ብዬ ጽፌበት። ማን ነው የበላው?

ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጉንዳን። ከሠራሁት ሁሉ ሰው የሚያውቀው ይህን አንዱን ነው። ዘጠኙ ኖታ ካልተመለሰ ፊርማዬን አታገኙም።

ጋሼሽ

*

ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ፣ እርስዎም እንዳመኑኝ ይሁኑ።

አስቀድሜ፣ እርስዎ በኋላ በላኩልኝ ትንሽ ወረቀት የጠየቁኝን ልመልስ። የልጅዎ ጠረጴዛ የለም። ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ቀይረናል። የድሮው የሙከራ ክፍል አሁን ፍራሽ መሸጫ ነው፤ ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ እሷ የምትቀመጥበት መስኮት ሥር ሁለት ፍራሽ ቆሞ አየሁ። ሌላ የቀረ ነገር የለም። ቢኖር እልክልዎ ነበር።

ስለ ዘጠኙ ኖታ፦ ሙዚቃ ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላ ሲዛወር የሚጎድል ነገር ይኖራል። ያኔ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ነበር፣ እርስዎም አልነበሩም። ከዚህ በላይ አሁን ማስረዳት አልችልም።

ግን ጋሼ፣ ሰው የሚወድደው ዝምታዎቹን ነው። ዜማው አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ ሦስት ሺሕ ሰው በነዚያ ዘጠኝ ቦታዎች ላይ ትንፋሹን ይይዛል፤ አይቻለሁ። አንድ የሙዚቃ መምህር ስለ ዝምታዎቹ ብቻ አርባ ገጽ ጽፏል፤ ደራሲው ለአድማጩ መተንፈሻ ትቶለታል ይላል። እኔም ተጠይቄ ስለነሱ ብዙ አውርቻለሁ፣ አሁን ሳስበው ከሚገባኝ በላይ። እነሱን በሰማሁ ቁጥር ልጅዎ ትዝ ትለኛለች። ለምን እንደሆነ በወረቀት ባይሆን ይሻላል። እንዲያው እንዳሉ ቢተዉአቸውስ?

ጉንዳን

*

ኅዳር 12 ቀን

ጉንዳን፣

መተንፈሻ! ለሰው መተንፈሻ የሚሆነው አፍንጫው ነው። መምህሩ አርባ ገጽ ከሚጽፍ አርባ ደቂቃ ጆሮውን ቢያጸዳ ይሻለው ነበር። የእናንተ ስህተት ሃያ ሦስት ዓመት ሲቆይ ጥበብ ሆነ ማለት ነው?

አንቺ እንደማትወስኚው ስለገባኝ ለበላይሽ፣ ለአዘጋጁ ጻፍኩ። ዘጠኙን ኖታ በቀይ ሞልቼ፣ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቼ ላክሁለት። አንድም አልረሳሁም። ዜማውን ባልጫወተውም ጣቶቼ ያስታውሷቸዋል። በዘጠነኛው ክፍል ብቻ ሳይሆን ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ባሉት ውስጥ ሁሉ እንዲታረም ጠየቅሁ። ስምንቱን ክፍል ባንድ ላይ አድሳችሁ ልትሸጡ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እግረ መንገዳችሁን አርሙት። ያ ቁስል በየትም እንዳይቀር ነው የምፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ልጄን በዚህ አታስገቢ። አንቺ ጓደኛዋ ነበርሽ፣ እንደወደድሻት አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የማልቆጣሽ። ግን እሷ ሞካሪ ነበረች፣ ሙዚቃ አልሠራችም። ጌሙ የት እንደሚሰበር ለማየት ቀኑን ሙሉ መንገደኛውን ወዲያ ወዲህ ታስኬደው ነበር። እንደ ሙሽራ ታስቀበርረው ስለነበር «ቀብራራዋ» አላችኋት፣ እኔ ስሙን አልወደድኩትም ነበር። ሃያ ዓመት ከአምስት ወሯ ነበር። ከዚህ ዜማ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ እኔም ሁለቱን ለይቼ ለመያዝ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ከየክፍሉ ተነስቼ የወጣሁት።

ጋሼ

*

ታኅሣሥ 3 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አዘጋጁ በደብዳቤዎ በጣም ተደስቷል። «ደራሲው ራሱ ያረመው ሙሉ ቅጂ» ተብሎ ሽፋኑ ላይ ይጻፋል። ውሉን አያይዤያለሁ፤ አራት ቦታ ይፈረማል። ሦስተኛው ገጽ የጠየቁት ነው፦ ከአራተኛው ክፍል እስከ ስምንተኛው ባለው ጌም ሁሉ የድሮው ቅጂ ወጥቶ አዲሱ ይገባል። ሱቅ ያለውም፣ ሰው ቤት ያለውም ከሞላ ጎደል ባንድ ቀን ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር እባክዎ ሁለቴ ያንብቡት።

ልነግርዎ የምፈልገው ነገር አለ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመፈረምዎ በፊት ይደውሉልኝ። ቁጥሬ ከታች አለ። በተለመደው ጽሕፈቴ ሳይሆን በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ጉንዳን

*

ታኅሣሥ 15 ቀን

ለጉንዳኔ፣

ፈርሜ ልኬያለሁ፣ አራቱም ቦታ ላይ። ሦስተኛውን ገጽ እንዳልሽው ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴ ደስ አለኝ።

አልደወልኩም። ልትነግሪኝ የፈለግሽውን አውቄዋለሁ። ያኔ በጥድፊያው ኖታዎቹን የጣልሻቸው አንቺ ነሽ፤ እስካሁን ሲያሳፍርሽ ኖሯል። ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል? ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል፣ ልጅ ነበርሽ፣ ሁላችንም ያን ሰሞን ጤነኞች አልነበርንም። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ነገሩ ታርሟል፣ በቃ። ደግመሽ አታንሺው።

ከተፈረመ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት ፒያኖ ልቃኝ ሄጄ፣ ሥራውን ስጨርስ «ወደ ቤት»ን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩት። ሙሉውን። ከልጄ ቀብር ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ሰማኝና «ይሄ ነገር ጌም ላይ ያለው አይደል? እርስዎ ግን ጨመሩበት» አለኝ። ጨመሩበት! አልጨመርኩም፣ የራሴን ነው የመለስኩት አልኩት።

ቅጂው ሲያልቅ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ዋሽንቱ እንዳይጮኽ ንገሪልኝ።

ጋሼሽ

*

ጥር 20 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ቅጂው ትናንት አለቀ። ዋሽንቱ አልጮኸም። ስልሳው ሰው እንዳንድ ሰው ተጫወተ፣ ዘጠኙ ኖታ እርስዎ በቀይ ከጻፏቸው ቦታዎች አንድም ሳይዛነፍ ገባ። በጣም ያምራል። ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ራሳቸው አጨበጨቡ። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ነበርኩ፤ ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚህ በኋላ ነገሩን በሆዴ መያዝ አልችልም።

ይቅርታ ያደረጉልኝ ላላደረግሁት ነገር ነው። ኖታ አልጣልኩም። የጣልኩት ዲስኩን ነው።

ከቀብሩ ስምንት ቀን በኋላ ነበር። እርስዎ ሥራውን ለቀው ሄደዋል። ለአራተኛው ክፍል የበር ሲጥሲጥታ እየቀዳን ባዶ ዲስክ አለቀብን፣ እኔም ከመሳቢያዬ አንዱን አንስቼ ቀዳሁበት። ወረቀቱ ተልጦ ስለነበር ባዶ መሰለኝ። መሳቢያው እንደማይዘጋ ነግሬዎታለሁ። ሲጥሲጥታው አልቆ መልሼ ሳዳምጥ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት የዜማዎ ኖታ ቀርቶ ሰማሁ። እጄን በአፌ ጫንኩ። እርስዎ ደግሞ በወረቀት አይጽፉም ነበር፤ በቀጥታ መሣሪያው ላይ ነበር የሚያስገቡት፤ ዜማው ከሦስተኛው ክፍል ሲቆረጥ ከዚያም ተሰርዟል፣ ሌላ ቅጂም አልነበረም። ልጁን የቀበረ ሰው ደጅ ሄጄ «የመጨረሻ ሥራዎንም እኔ አጠፋሁት» ማለት አልቻልኩም።

አንድ ካሴት ነበረ። ከሙከራ ክፍሉ የመጣ፣ ጌሙ ሲሞከር ከመሣሪያው በሽቦ የተቀዳ። የሰው ድምፅ የለበትም፤ ዜማውና «ጠቅ» ብቻ። ሽፋኑ ላይ በልጅዎ ጽሕፈት «ወደ ቤት፣ የድንጋዩ መንገድ» ይላል፣ ቀኑም አለበት። ከዚያ ላይ ነው ዜማውን በጆሮዬ እየሰማሁ የጻፍኩት። ዘጠኝ ቦታ «ጠቅ» ይላል፣ በዘጠኙም ቦታ ኖታው ተውጧል። መገመት እችል ነበር፣ ሌላ ኖታ ልሰካበት እችል ነበር። አልደፈርኩም። «ጠቅ»ን አወጣሁና ቦታውን ባዶ ተውኩት።

ስለዚህ ጋሼ፣ ዝምታዎቹ ስህተት አይደሉም፣ ጥበብም አይደሉም። ልጅዎ ድንጋይ የረገጠችባቸው ቦታዎች ናቸው። ቀብራራዋን ያውቋታል፤ ቀጥ ባለ መንገድ ሂጂ ሲሏት ድንጋይ እየመረጠች የምትሄድ። ሁለተኛው መስመር ላይ አንዱን ትረግጣለች። አራተኛው ላይ ሁለቱን አከታትላ፣ ዘልላ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ትንፋሹን የያዘው እሷ ስታልፍ ነው። ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው፣ በስምንቱ ድምፅም፣ በዋሽንቱም፣ በመዘምራኑም፣ ማንም ሳያውቅ እሷ እየሄደች ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ትናንት የሰማሁት ሙሉ ነው፣ ግን ማንም አይራመድበትም።

ካሴቱ የለም። ሁለተኛውን ሕንፃ ስንለቅ ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ «አሮጌ» ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን ሁሉ ተጣለ። ለዚያ እንኳ ይቅርታ አልጠይቅም፣ አፍሬ ነው።

ለምን አልነገርኩዎትም? መጀመሪያ ለሥራዬ ፈርቼ። ኋላ በዝምታዎቹ ስለተመሰገንኩ፣ በሰው ፊት ስለተናገርኩባቸው። ዘንድሮ ደግሞ «ደህና እንቅልፍ ተኛሁ» ሲሉኝ አንጀቴ አልችል አለ። ሁሉም ምክንያት ሲጠራቀም ፈሪ ነኝ ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት አዘጋጁ ዘንድ ገብቼ ይቁም አልኩት። የደራሲው ፊርማ አለበት አለኝ፣ አራት ቦታ። ትክክል ነው።

ጉንዳን

*

መጋቢት 8 ቀን

ጉንዳን፣

ሁለት ደብዳቤ ልከሽ፣ እንደገና በሰው እንዳስጠየቅሽኝ ነገሩኝ። ታምሜ አይደለም። ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ተቆጥቼ እንደሆነ ለጠየቅሽኝ፦ ተቆጥቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ስምሽን ስጠራ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። አሁን በርዶልኛል። ይቅር ብዬሻለሁ ያልኩትን ግን አንስቼዋለሁ፤ ያ ለሌላ ነገር የተሰጠ ነበር፣ ለዚህኛው ገና አላሰብኩበትም።

ለአዘጋጁ ጽፌ ነበር። የድሮው ይመለስ፣ ከነጉድለቱ፣ ገንዘቡንም አልፈልግም አልኩት። የታተመ ወረቀት ላከልኝ፤ «ለፍቅርዎ እናመሰግናለን» የሚል፣ ለሁሉም የሚልኩት። ከሱ ጋር ስምንቱን ክፍል ባማረ ሳጥን አሽገው ልከዋል። ሽፋኑ ላይ «ሙሉ ቅጂ» ይላል፣ ሥሩ ስሜ። አልከፈትኩትም። እኔ ለምኜ ነው ያጠፋኋት፤ ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም አንቺ ሁለቴ አንብበው ብለሽኝ ነበር።

የላክሽልኝ ኖታ ግን እጄ ላይ ነው፣ ዝምታዎቹ ያሉበት። በቀይ የሞላሁት ግልባጩን ስለነበር ይኼኛው እንዳለ አለ። ፒያኖዬ የኖታ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ በየቀኑ አየዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ቤት ልቃኝ ሄድኩ። ስጨርስ «ያን የጌም ዜማ የሠሩት እርስዎ ነዎት ይባላል፣ አንድ ጊዜ ይጫወቱልኝ» አለችኝ። እምቢ ልል ነበር፤ እጄ ቀደመኝ። ዘጠኙን ቦታ እየተውኩ ተጫወትኩት። መጀመሪያው ላይ ጣቴ አልታዘዝ አለ፣ ኋላ ለመደው። ዘጠነኛውን ተውኩና እጄን አነሳሁ። ገና ሁለት መስመር ነበረው። ነርሷ ለምን እንዳቆምኩ ጠየቀችኝ። ደከመኝ አልኳት። አምናኝ ውኃ አመጣችልኝ።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ማንም አያውቀውም። እናቷ እንኳ ሳታውቀው ነው የሞተችው።

ድንጋይ እየመረጠች አልነበረም። እኔ ነኝ ያዘዝኳት። በማግስቱ ሦስተኛው ክፍል ላይ ምን እንደሚቆረጥ ስብሰባ ነበረብኝ፤ «ጠቅ» ዜማውን ምን ያህል እንደሚጎዳው ማወቅ ፈለግሁ። መንገዱን እኔ ነበርኩ ያሠራሁት፣ አሥራ አራት ድንጋይ ነው ያለው። አሥራ አራቱንም ርገጪ አልኳት። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ከአልጋ እንዳትወርድ ብሏት ነበር፣ ልቧን ታምማ። ለአንድ ሰዓት ነው ብዬ ከቤት አወጣኋት፤ እንደሷ አድርጎ የሚያስኬድ ሌላ ሞካሪ የለም ብዬ። ደስ ብሏት ነው የመጣችው፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ እየቀለደች። ስብሰባው ላይ ዜማው መቆረጡ አልቀረም። እሷም ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ቀን ነው የቆየችው።

ካሴቱን ስትሰሚ ዘጠኝ «ጠቅ» ብለሽ ቆጠርሽ፤ ለምን ዘጠኝ ብለሽ አልጠየቅሽም፣ መንገዱን አታውቂውማ። ከዘጠነኛው ድንጋይ በኋላ ዜማው አንድም ሳይዋጥ ሙሉውን ይወጣል። ያን ጊዜ ከኋላዋ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማ ነበር። ሙሉውን ስሰማ ደስ አለኝ። የሚገርም ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጥቂት ቀን ነው። ዓይኔን ስገልጥ ካሴቱ አልቋል፣ መንገደኛው ከዘጠነኛው ድንጋይ ላይ ቆሟል። ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች፣ ሁለት እጇ ደረቷ ላይ ነው። «አባዬ፣ ደክሞኛል፣ ይብቃኝ» አለችኝ።

ገና አምስት ድንጋይ ይቀራል፣ ቀጥዪ አልኳት።

አባቷ